የእናትህ ወንበር

ጎግ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ኮአንግ፣

እንደምን ሰነበትክ? እናትህ እማማ ኛሩአችስ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። የጎግ ሙቀት ከጋምቤላ ከተማ አይተናነስም፤ ትንኙ ግን ይብሳል። ጤና ጣቢያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀን ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ፣ ማታ ማታ አጎበር ውስጥ ተጠቅልዬ እኖራለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአምቡላንሳችን ሾፌር ጆን ነው። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። እዚህ ኔትወርክ አንድ ቀን ከመጣ ሦስት ቀን ይጠፋል። እውነቱን ለመናገር ግን ኔትወርክ ቢኖርም አልደውልልህም ነበር። በስልክ ብጀምረው መሃል ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም» ብዬ እንደምዘጋው ራሴን አውቀዋለሁ። ፖስታው ውስጥ ሌላ የታጠፈ ወረቀት አለ። እሱን አሁን አታውጣው፤ መጀመሪያ ይህን ጨርስ።

ኮአንግ፣ የሰረቅኩህ ነገር አለ። ካንተም ይልቅ እናትህን ነው የሰረቅኩት። ገንዘብ አይደለም፤ የመኪናው ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መኪናው ላይ እንደዋለ ደረሰኙን አይተሃል። የሰረቅኩት አንድ የአውሮፕላን ወንበር ነው። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልጻፍልህ። የምታውቀውንም እደግመዋለሁ፤ ጎን ለጎን ቆመን እንኳ አንተ ያየኸውና እኔ ያየሁት አንድ አልነበረምና።

አጎትህ ሆት ከላሬ የመጡ ዕለት ታስታውሳለህ፤ ኒውላንድ ሰፈር፣ ግቢያችሁ ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነበር። እሳቸው ከብት ሸጠዋል፣ እህትህ ኛዱዋል ከአውስትራሊያ ልካለች፣ አንተም የሾፌርነት ጥሪትህን አውጥተሃል። መኪና ተገዝቶ ከከተማ ወደ ኢታንግና አቦቦ እንድትሠራበት ተወስኗል። የቀረው ገንዘቡ እስኪሟላ ማን ጋር ይቀመጥ የሚለው ነበር። አጎትህ ለእኔም እንዲገባኝ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ኮአንግ ጋር ከሆነ ያልቃል» አሉ። «ዘመድ ይመጣል፣ ልጄ ታመመ ይላል፤ ኮአንግ ይሰጣል። ሌላ ይመጣል፣ ላገባ ነው ይላል፤ ኮአንግ ይሰጣል። ዘመድን እምቢ ማለት የለም። እኔ ጋር ቢሆንም ያው ነው።» ከዚያ በከዘራቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ዶክተር ግን ዘመድ የለውም። ማንም አይጠይቀውም። እሱ ጋር ይቀመጥ።»

ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ እኔም ሳቅኩ። በግቢያችሁ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩ ደገኛ ተከራይ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ሳለ በእናንተ ምርቃት ዶክተር የተባልኩ ሰው፣ ዘመድ አልባነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕረግ ሆነልኝ። ያን ዕለት የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም።

አሁን ስለ ካርዱ። ባንኬ ደመወዛችን በእሱ በኩል ለሚገባ ሠራተኞች የሰጠው ካርድ ነው። መጀመሪያ ባንኩ ይከፍልልሃል፣ አንተ በወሩ ትመልሳለህ። በካርዱ በገዛህ ቁጥር ደግሞ ነጥብ ይያዝልሃል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል። ነፃ ነገር ሲባል ጆሮዬ እንደሚቆም ታውቃለህ። ከየስልጠናው የሰበሰብኩትን እስክሪብቶ ቆጥረህ «ይሄ ሰው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሊከፍት ነው» ያልከኝ አንተ ነህ። ግን ጋምቤላ ላይ ካርድ የሚቀበል ቤት ስንት አለ? ሁለት ዓመት ሙሉ በየሆቴሉ ውኃ እየገዛሁ የሰበሰብኩት ነጥብ ከመሬት አያስነሳም ነበር።

ስለዚህ የመኪናው ገንዘብ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የታየኝ መኪናው አይደለም። «በካርዴ እንክፈል፤ እንዲያ ከሆነ መንገድ ላይ ስጋት የለም» ያልኩህ ያን ጊዜ ነው። አንተ አመሰገንክ። ከባንክ ወደ ባንክ ማስተላለፍ ይቻል እንደነበር፣ እሱም ምንም ስጋት እንደሌለው፣ አንተ አላወቅክም፤ እኔ አውቅ ነበር። ባንኩ ያን ያህል እንዲከፍልልኝ የእናንተን ገንዘብ መያዣ አስያዝኩ። ከአንድም ሁለት ቀን ቢሯቸው የተመላለስኩት ለእናንተ ብዬ መስሏችሁ እናትህ ወተት በገንቦ አስይዘው ላኩልኝ።

አዲስ አበባ መኪናው መሸጫ ውስጥ የሆነውንም ልንገርህ። ማሽኑ ካርዴን ሁለቴ መለሰው፣ በሦስተኛው ተቀበለ። አንተ በዚያ ሰዓት መኪናው ሥር ተጋድመህ ጭስ ማውጫውን ትፈልጋለህ። ኤሌክትሪክ ነው፣ ጭስ የለውም ቢሉህም «ምንም ቢሆን አንድ ቀዳዳ አያጣም» እያልክ ነበር። ልጅቷ ደረሰኙን እየሰጠችኝ ፈገግ ብላ «ጋሼ፣ በአንድ ቀን የደርሶ መልስ ትኬት ሰበሰቡ እኮ» አለችኝ። ዘወር ብዬ እግርህን አየሁ። አልሰማህም። ደረሰኙን አጥፌ የነጥቡን መልእክት ከስልኬ ላይ አጠፋሁ። ክፉ ነገር እንደሠራሁም አልተሰማኝም፤ ኪሴ ውስጥ ጣፋጭ የደበቅኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

የመመለሻው መንገድ ግን በዕድሜዬ ካየኋቸው ጥሩ ቀኖች አንዱ ነበር፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ጅማ ሆቴሉ ጓሮ የቻርጅ ገመድ ዘርግተን አደርን፣ መቱ ደግሞ የሆቴሉ ባለቤት «መኪና ነው ወይስ ምጣድ ነው የምትሰኩት?» ብሎ ግማሽ ቀን አከራከረን። ከጎሬ ቁልቁለቱን ስንይዝ ባትሪው በመቀነስ ፈንታ መጨመር ጀመረ። ሠላሳ አንድ የነበረው ሠላሳ አራት፣ ከዚያ ሠላሳ ስምንት አለ። አንተ መሪውን በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው ቁጥሩን እየጠቆምክ «ዶክተር፣ መኪናው አገሩን አወቀ» አልክ። ባሮን እስክናይ ድረስ ቁጥሩን እየጠራህ ነበር።

እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው ስለ ላም የጠየቅኩህ። «ኮአንግ፣ እናንተ ጋር አንድ ሰው የሌላ ሰው ላም ቢጠብቅ፣ ላሟ የምትሰጠው የማን ነው?» አልኩህ።

«ወተቱ የጠባቂው ነው። ጥጃው የባለቤቱ» አልክ። «እናንተ ጋርስ?»

«እኛ አገር ደንበጫ የርቢ ላም ከሆነች ጥጃውን ለሁለት ይካፈላሉ።»

«ጥጃ ለሁለት? ከወገቡ ነው ከአንገቱ?» ብለህ ሳቅክ። «ላም ልትገዛ ነው እንዴ ዶክተር? ማለቡ ያቅትሃል፣ እናቴ ታልብልሃለች።»

እኔ የምፈልገውን መልስ አግኝቼ ነበር። ነጥቡ ወተት ነው አልኩ ለራሴ። ገንዘቡን የጠበቅኩ እኔ ነኝ፣ ባንክ የተመላለስኩ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ወተቱ የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ልቤ ተኛ። ስንት ወር እንደተኛ አንተም አይተሃል፤ ግቢ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚስቅ አልነበረም።

ሰኔ ሲገባ ከባንኩ መልእክት መጣ፤ ነጥቡን እስከ ሰኔ 30 ካልተጠቀምኩበት ይሰረዛል። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ እሙዬ ደወለች። ልጃችን ሶሊ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ዓርብ ሰኔ 20 ትምህርት ቤቷ ያስመርቃቸዋል። ሶሊ ስልኩን ነጥቃ «አባዬ፣ እንደ ሁልጊዜው ፎቶ ነው የምትልክልኝ ወይስ ትመጣለህ?» አለችኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም የወላጆች ቀን ላይ ተገኝቼ አላውቅም። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ሄዶ ሁለት ቀን ለመመለስ ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ አልነበረኝም። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ትኬቱን በነጥቡ አስቆረጥኩ፤ ሐሙስ ሄጄ እሑድ ልመለስ። እናንተ ትኬት ከየት መጣ እንዳትሉኝ ደግሞ «መሥሪያ ቤት ለስልጠና ላከኝ» አልኳችሁ። አንተ «እስክሪብቶ ለእኔም» አልከኝ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በጨዋታ መሃል ነግሬህ አንድ ቀን እንስቅበት ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ።

እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልክህን ይዘህ በሩ ላይ አገኘኸኝ። የኛዱዋል ባል አባት ጁባ አርፈዋል፤ እሷ ለቀብር ስትሄድ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ደርሳ ሌላ አውሮፕላን እስክትይዝ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ትቆያለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተገናኙ እናትና ልጅ። መንገዱ በዚያ ሰሞን ከጎሬ በላይ ናዳ ወርዶበት ተዘግቷል። የመኪናው ቻርጀር ሳጥን መብራት ሲሄድና ሲመጣ ተቃጥሎ ሦስት ሳምንት ሥራ ፈትተሃል፤ ኪስህ ባዶ ነው። ኛዱዋልን እንዳትጠይቅ ደግሞ እናትህ ከልክለዋል። «ልጄ ለመኪና ላከች። አሁን ለለቅሶ ላከች። በቃ። እኔ በስልክ አያታለሁ» ብለዋል።

«ዶክተር፣ አንተ ሰሞኑን ትኬት ስታስቆርጥ ስንት ነው አሉህ?» አልከኝ። ድምፅህ ዝቅ ያለ ነበር። ገንዘብ ብትጠይቀኝ ይቀልለኝ ነበር፤ አንተ ግን የጠየቅከኝ ዋጋ ብቻ ነው።

«ክረምት ሲገባ ይወደዳል» አልኩህ። «ደግሞ የዚህ ሳምንት ሞልቷል መሰለኝ።»

ሞልቷል ያልኩት ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ አንዱን ወንበር የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ትኬት ቢሮ ሄጄ እንደነበር አታውቅም። ይህን የምናውቀው እኔና የቢሮዋ ልጅ ብቻ ነን። «ይህን ትኬት ሰርዤ በሌላ ሰው ስም ማድረግ ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኩ። «በነጥብ የተቆረጠ ስለሆነ ይሰረዝና በፈለጉት ሰው ስም እንደገና ይቆረጣል። እስከ ነገ ማታ ይችላሉ» አለችኝ። ሙሉውን ቀን አክታ ስመረምር ዋልኩ። ማክሰኞም እንዲሁ። ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ላብራቶሪውን ቆልፌ በቢሮው በር አልፌ ሄድኩ። ሶሊ የሚል ስም እየደጋገምኩ ነው ያለፍኩት። ልጄን መፈለጌ ሐሰት አልነበረም፤ ግን እናትህም ልጃቸውን ይፈልጉ ነበር፣ ወንበሩም የእሳቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ እናትህ ኒሙ ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አንተ ቻርጀሩን ልታሠራ ወጥተሃል። በእጃቸው አንድ ፌስታል ይዘዋል፤ ውስጡ ያቺ ሁልጊዜ ትከሻቸው ላይ የሚቋጥሯት ሰማያዊ ጨርቅ፣ ላዋ የምትሏት፣ አለች።

«ኮአንግ ነገረኝ። አንተ አዲስ አበባ ነህ ቅዳሜ» አሉኝ። «እኔ መሄድ የለም። እግዚአብሔር ግን ሰው ሰጠኝ። ይሄን ለኛዱዋል ስጥ። አላጠብኩም። ሦስት ቀን ለበስኩ፣ ሦስት ቀን ተኛሁበት። ስልክ ውስጥ ፊቴን ታያለች። ስልክ ግን አይሸትም።»

እሺ አልኳቸው። ፌስታሉንም ተቀበልኩ። ከዚያ ጎንበስ በል አሉኝ። ጎንበስ ስል መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው አናቴ ላይ አደረጉት፣ እጃቸውንም አላነሱም፤ በእናንተ ቋንቋ ረጅም ምርቃት ተናገሩ። የኛዱዋልን ስም ሦስት ጊዜ ሰማሁ። በመጨረሻ በአማርኛ «ይሄ የእሷ ነው። አንተ ተሸከም። እስክትደርስ ራስህን አትታጠብ» አሉኝ።

ታውቀኛለህ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አክታ በመስታወት የማይ፣ በቀን ሃያ ጊዜ እጄን የምታጠብ ሰው ነኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ከግቢ ሳልወጣ ውኃ እፈልግ ነበር። ያን ዕለት ግን አናቴ ላይ ያለው ነገር ከሻንጣዬ ይልቅ ከብዶኝ አውሮፕላን ውስጥ ገባሁ። ወንበሩ በመስኮት በኩል ነበር። ባሮ ከላይ ቡናማ ሆኖ ይታይ ነበር። እማማ ኛሩአች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ነው የሄድኩት።

አዲስ አበባ እሙዬ ሙቅ ውኃ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ፤ ገላዬን ታጥቤ ራሴን ግን አልነካም አልኩ። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። በማግስቱ ምረቃው ላይ ሶሊ የራሷን ቆብ አውልቃ እኔ ላይ ልታደርግ ስትንጠራራ ወደኋላ ሸሸሁ። ፊቷ ልውጥ አለ። በፎቶው ላይ ሁለታችንም ቆመናል፤ እሷ ቆቡን በእጇ ይዛለች። ያን ያህል ዓመት የጠበቅናት ቀን እንዲያ ሆና አለፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ኛዱዋል ቪዛ ከፍላ ወጣች። በፎቶ ከማውቃት በላይ ረጅም ናት፤ መነጽር አድርጋለች፣ የለቅሶ ጥቁር ቀሚስ በስኒከር ለብሳለች። ሻይ ቤት ተቀምጠን ፌስታሉን ሰጠኋት። ላዋዋን አውጥታ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ሸፈነችበት። አስተናጋጁ ሊታዘዝ መጥቶ ቆመ፤ ቆሞ ቆሞ ሄደ። እኔም የምመለከትበት አጣሁ።

ቀና ስትል «እናቴ ሌላም ነገር ልኬያለሁ ብላኛለች። ራስህ ላይ ነው አለች» አለችኝ። አማርኛዋ ዝጓል፤ ግን አልጠፋም።

ሰው በሞላበት ሻይ ቤት አንገቴን ደፋሁላት። ሁለት እጆቿን አናቴ ላይ አድርጋ ቆየች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ እጆቿን አንስታ በገዛ ፊቷ ላይ፣ በደረቷ ላይ፣ ስልኳ ላይ ባለው የልጆቿ ፎቶ ላይ ሳይቀር አሳለፈቻቸው። ኮአንግ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ያፈርኩበት የለም። የሰው እናትና የሰው ልጅ በእኔ ራስ ላይ ነበር የሚገናኙት።

«እሷ ለምን አልመጣችም? ወንበር አልነበረም?» አለችኝ።

«አልነበረም ተባለ።»

«አንተስ?»

«እኔን መሥሪያ ቤት ነው የላከኝ።»

«እግዚአብሔር መሥሪያ ቤትህን ይባርከው» አለች። ከልቧ ነበር። የሻዩንም እሷ ከፈለች።

እሑድ ስመለስ እናትህ እዚያው ኒሙ ሥር ነበሩ። ከስታለች ወይ አሉኝ፣ አልከሳችም አልኳቸው። ጥርሷ ደህና ነው ወይ አሉኝ፣ ደህና ነው አልኳቸው። ከዚያ «የት ነካችህ?» አሉኝ። አናቴን አሳየኋቸው። እጃቸውን እዚያ ቦታ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የልጃቸውን እጅ ሙቀት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። አንተ ከመኪናው አጠገብ ቆመህ አይተኸናል። ያን ዕለት ማታ በሬን ዘግቼ እንዳለቀስኩ ግን አላየህም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ኒም ሥር ማለፍ አቃተኝ። እሳቸው ባዩኝ ቁጥር በፈገግታ አናቴን ያዩታል። ወደ ጎግ ዝውውር ደረሰኝ ያልኳችሁም እውነት አይደለም፤ ማመልከቻውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አንተ ዕቃዬን በአዲሱ መኪና እስከ መናኸሪያ ወሰድክልኝ፣ «አዲስ ተከራይ አናስገባም፣ ክፍሉ ያንተ ነው» አልከኝ። ቁልፉ አሁንም እኔ ጋር ነው።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ከሰሙኝ በኋላ «ይህን ለእኔ ከመንገርህ በፊት ለባለቤቱ ልትነግረው ይገባ ነበር፤ ሂድና ንገር» አሉኝ። ስድስት ሳምንት ሆነው። ወተት ነው ወይስ ጥጃ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ከራሴ ጋር እንደተሟገትኩ ብነግርህ ትስቅብኛለህ። መልሱን ያወቅኩት መልእክቱን ያጠፋሁ ዕለት ነበር፤ ወተት ቢሆን ኖሮ ማን ይደብቀዋል።

አሁን የታጠፈውን ወረቀት አውጣው። የእናትህ የደርሶ መልስ ትኬት ነው፤ መሄጃው ታኅሣሥ 18 ቅዳሜ፣ በመስኮት በኩል። ስማቸውን ፋይዳ ካርዳቸው ላይ እንዳለው አስጽፌዋለሁ። ኛዱዋል ለባሏ ቤተሰብ ጉዳይ እንደገና ወደ ጁባ ስታልፍ በማግስቱ፣ የገብርኤል ዕለት፣ አዲስ አበባ ገብታ ሁለት ሌሊት እንደምታድር ጽፋልኛለች። ለአንተም ነግራህ እናትህ «ለትኬት አትጠይቋት» እንዳሉ እገምታለሁ። ላንተ የሚሆን ሁለተኛ ትኬት አቅሜ አልቻለም፤ ነገር ግን እሙዬና ሶሊ ቦሌ ድረስ ወጥተው ይቀበሏቸዋል፣ እኛ ቤት ያድራሉ። ለሁለቱም ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ሶሊ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን «የትኛውን አልጋ ነው የሚመርጡት?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእናትህ በቋንቋችሁ አንብብላቸው፤ «ሞልቷል» ያልኩትንም፣ ማክሰኞ በቢሮው በር ያለፍኩትንም ሳትዘል። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ለሌላ ለማከራየት ከፈለጋችሁ ቁልፉን ለጆን እሰጠዋለሁ፤ ቅር አይለኝም። ለአጎትህ ለሆትም ንገርልኝ፤ ዘመድ የለውም ያሉት ልክ አልነበረም። ባይኖረኝ ኖሮ ይህን ያህል አያመኝም ነበር።

ትኬቱን ልገዛ ባለፈው ሳምንት ከተማ መጥቼ ነበር። ግቢያችሁን በሩቁ አይቼ ተመለስኩ። ቢሮው ውስጥ ያቺው የሰኔዋ ልጅ ነበረች፤ አላስታወሰችኝም። ብሩን ቆጥሬ ስሰጣት ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ካርድ አይታ «በካርድ ቢከፍሉ እኮ ነጥብ ያገኙ ነበር» አለችኝ።

አውቃለሁ አልኳት።

አክባሪህ፣
ዘርአብሩክ